ጫማውን ያላየሁበት ቀን

ሲሸኙኝ ጋቢ አለበሱኝ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ጋቢ ደርቦ የሚታይ ሰው ወይ ወባ ይዞታል ወይ ጡረታ ወጥቷል። እኔ ሁለተኛው ነበርሁ፤ ላቤን ያየ ግን የመጀመሪያው ነው ቢል አይፈረድበትም።

የሆስፒታላችን ኃላፊ ንግግር አደረጉ። «ኮምፒውተሩ ሥራውን ቢረከበውም ጌታቸውን የሚተካው ግን የለም» አሉ። ተጨበጨበ። የዐረፍተ ነገሩ ግማሽ ሌላውን ግማሽ እንደሚበላው ያስተዋለ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ለስላሳ ስንጠጣ የሥራ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ እየመጡ ስለ አዲሱ ፕሮግራም ክፉ እንድናገር ይጠብቁ ጀመር። አንዲት ነርስማ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ።

«ጋሽ ጌታቸው፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያ ነገር እንደ እርስዎ ይሠራል?»

«ከእኔ ይሻላል» አልኋት።

ትሕትና መስሏት ሳቀች። ትሕትና የሚባለው ነገር ብዙም የለኝም፤ የሚያውቁኝ ይመሰክራሉ። ከእኔ ይሻላል ያልሁት የእሱ ታላቅ የሆነው የድሮው ፕሮግራም አንድ ቀን እውነቱን ነግሮኝ እኔ አልሰማ ስላልሁት ነው። በእኔ አለመስማት አንድ ልብስ ሰፊ እግሩ ሁለት ጊዜ ተቀደደ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ እግር ነው፤ ግን ወደዚያ ለመድረስ ከጥላ መጀመር አለብኝ።

በወረቀት ላይ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬን ያዋልሁበት ሥራ ግን ስም አልነበረውም። አንድ ሰው አጥንቱ ሲሰባበር ከሁለት የራጅ ፊልም፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከጎን፣ አጥንቱን መልሶ በእጅ የሚያዝ አድርጎ መሥራት ነው። ሐኪሙ ሰውየውን ከመቅደዱ በፊት የተሠራውን አጥንት ጠረጴዛ ላይ ያገላብጠዋል፤ የሚያስገባውን ብረት በእሱ ልክ ያጎብጠዋል፤ ብረቱ በእንፋሎት ተቀቅሎ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ልኩን ይዞ ይገባል። ቀላል ይመስላል። ራጅ ግን ጥላ ነው፣ ጥላ ደግሞ ሁለት ነገር ብቻ አለው፤ ቁመትና ስፋት። ሦስተኛውን ከሌላ ቦታ ማምጣት ያስፈልጋል። ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ሱስ ሆኖብኝ ነው ሠላሳ ዓመት ያህል የቆየሁት። ለደመወዙ አለመሆኑን ደመወዙን ያየ ሁሉ ያምነኛል።

የመጀመሪያ ምድቤ በጎርጎራ በኩል የነበረች ጤና ጣቢያ ናት። የራጅ መሣሪያው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። የማይሠራበት ምክንያት ደግሞ አንድ ገመድ ነበር፤ ገመዱ «በመንገድ ላይ ነው» ይባላል፤ እኔ እስክዛወር ድረስ በመንገድ ላይ ነበር። ካርድ ክፍል ተቀምጬ ስም እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ወደቡ ወርጄ መጽሐፍ አነባለሁ። ዓይኔ ከመጽሐፉ ሲነሣ ጀልባ ያያል። ከደቅ ደሴት በኩል የሚመጣ ጀልባ ፊቱን ሰጥቶ ሲመጣ ርዝመቱ አይታወቅም፤ ሊጠጋ ሲዞር ርዝመቱ ይወጣና ስፋቱ ይጠፋል። ሁለቱን አንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ሆኖም ጀልባው ምን ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ያወቀው የትኛው ክፍሌ ነው እያልሁ ስገረም ሁለት ዓመት አለፈ። መንግሥት ሳያውቀው ለዚህ ነበር የከፈለኝ።

ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርሁ፤ ጋሽ አስማረን አገኘሁ።

ጋሽ አስማረ የራጅ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። አጭር፣ ከዘራ የማይለያቸው፣ ከቁስል አጣቢነት ተነሥተው በልምድ እዚያ የደረሱ ሰው ናቸው። መብራት ስለሚጠፋ ፊልሞቻቸውን የሚያዩት ወደ ሐይቁ በሚያየው መስኮት ላይ ለጥፈው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ግቢው አወጡኝና ከዘራቸውን ፀሐይ ላይ ቀጥ አድርገው ያዙት። እጀታውን በመዳፋቸው ሸፍነውታል።

«ጥላውን እየው» አሉ። መዳፋቸው ውስጥ ትንሽ አንቀሳቀሱት። «ዞረ ወይስ አልዞረም?»

«አልዞረም።»

«ታስይዛለህ?»

«ጥላው ያው ነው፤ አልዞረም።»

መዳፋቸውን አነሡ። ወደ ሐይቁ ያይ የነበረው የከዘራው እጀታ ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል።

«የጭን አጥንት ማለት ይህ ነው» አሉኝ። «እንጨቱ ብቻውን አይነግርህም። ከላይ ዳሌ ውስጥ የሚገባው ቀንዱ ወዴት እንደሚያይ፣ ከታች ጉልበቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ሁለቱን ካላወቅህ አጥንቱ ተጠማዞ ይግጠም ቀንቶ ይግጠም አታውቅም። ፊልሙ ግን ያምራል። የተጠማዘዘ አጥንት ፊልሙ እንዲያውም ይበልጥ ያምራል።»

ሁለተኛው ልማዳቸው ጫማ ነው። ማንም ሰው ለማንኛውም ፊልም ሲመጣ መጀመሪያ ጫማውን አስወልቀው ገልብጠው ሶሉን ያያሉ። አንድ ቀን በክንዱ ላይ የወደቀ የሰባታሚት ገበሬ መጣ። ጋሽ አስማረ የላስቲክ ጫማውን ገልብጠው ሶሉን በጣታቸው ዳሰሱና፦

«ቀኝ ዳሌህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?»

«ኧረ እኔ የመጣሁት በክንዴ ነው፣ ጌታዬ።»

«ክንድህንስ እናነሣዋለን። ዳሌህን ነው የጠየቅሁህ።»

ሰውየው በሩን አየ፤ ማን እንዳሳበቀበት የሚፈልግ ይመስል። «ካምና መኸር ወዲህ» አለ በመጨረሻ። «ማን ነገረዎ?»

ጋሽ አስማረ ጫማውን መለሱለት።

ሦስተኛው ልማዳቸው ዋንዛ ነው። አንድ ሥራ የሚወድ ሐኪም በነበረበት ዘመን ከባድ ስብራት ሲገጥመው «አስማረ፣ አጥንቱን አሳየኝ» ይላቸዋል። ሁለቱን ፊልም መስኮት ላይ ሰቅለው በካራ ዋንዛ ይጠርባሉ፤ በፊልሙ ላይ ያለው ጥላ ከእውነተኛው ይተልቃል፤ ምን ያህል እንደሚተልቅ ለማወቅ በሽተኛው አጠገብ አንድ ሳንቲም ለጥፈው ያነሣሉ። ሳንቲሙ ያደገውን ያህል አጥንቱም አድጓል። በሁለት ቀን የሰው ጭን ከዋንዛ ይወጣል። እኔ ብናኙን እየጠረግሁ «እርስዎ ይህን ከየት ተማሩት?» ስላቸው «አጥንት ያልሆነው እየተቀነሰ ነው አጥንቱ የሚወጣ፤ ምን ትምህርት አለው?» ይሉኛል። ከዚህ የተሻለ መልስ በየትም አላነበብሁም፤ ብዙ አንብቤያለሁ።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ሰባታሚት ባለች መሬታቸው ፓፓያ መትከል ሲጀምሩ የክፍሉ ኃላፊ እኔ ሆንሁ። በመካከሉ የተፈራረቁትን የሆስፒታሉን አለቆች በአንድ አንቀጽ ላሳልፋቸው፤ የበለጠ አይገባቸውም። አንዱ የፊልም ካርቶን እንደ ጥይት ሣጥን በፊርማ ያወጣ ነበር። አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር። አንዷ ጎበዝ ነበረች፤ ስለዚህ ቶሎ ተዛወረች።

ከዚያ ዶክተር ኤልሳቤጥ መጣች። ከሐዋሳ የመጣች የአጥንት ቀዶ ጥገና ሐኪም ናት፤ ባሏ እዚሁ ኮሌጅ ያስተምራል። ሥራ በጀመረች ቀን ክፍሌ ገብታ መደርደሪያው ላይ ያሉትን የዋንዛ አጥንቶች አየች፤ አንዱን አነሣች፤ አሸተተችው።

«ይህን ማን ሠራው?»

ነገርኋት። «ሊያስተምሩኝ ይችላሉ?» ትላለች ብዬ ስጠብቅ «ይህን በኮምፒውተር እንሥራው፣ ጋሽ ጌታቸው» አለችኝ። ተናደድሁ። በማግሥቱ ላፕቶፗን ይዛ መጣች፤ እስከ ምሳ ሰዓት ተናድጄ ቆየሁ። ከምሳ በኋላ ግን ላፕቶፑን ከእጇ ነጥቄ እኔ ነበርሁ የምነካካው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ የጭን አጥንት ተቀምጧል። የማንም አይደለም፤ ከብዙ ሰዎች አጥንት ተውጣጥቶ የተሠራ አማካይ አጥንት ነው። ሁለቱን የራጅ ፎቶ ታስገባለህ። በሳንቲሙ ፈንታ አሁን የኩሽኔታ ኳስ ነው የምንለጥፈው፤ ኳስ ከየትም ቢያዩት ክብ ነው። ከዚያ ያንን የማንም ያልሆነ አጥንት ታስረዝመዋለህ፣ ታጎብጠዋለህ፣ ታዞረዋለህ፤ ጥላው ከፊትም ከጎንም ከሰውየው ጥላ ጋር እስኪገጥም ድረስ። ሲገጥም አጥንቱ የሰውየው ይሆናል። ካለቀ በኋላ ሥዕል ሳይሆን ዕቃ የሚያትመው ማተሚያ የላስቲክ ክር እያቀለጠ፣ ሸረሪት ድሯን እንደምትሠራ ዙሪያውን እየዞረ፣ ቀኑን ሙሉ ይገነባዋል። መብራት ከጠፋ ግማሽ አጥንት ይዘህ ትቀራለህ፤ የግማሽ አጥንት ክምችቴ ትልቅ ነበር።

የተሰባበረ አጥንትስ? የተሰባበረው ጥላው አይገጥምም። ስለዚህ ደህነኛውን እግር አንሥተህ በመስታወት እንደሚታይ ትገለብጠዋለህ፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። ደህነኛው እግር ለተሰበረው አብነት ነው። ሁሉም ቦታ እንዲህ ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነው።

እኔ ግን ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ጠብ ነበረኝ። ያዘጋጀነው አጥንት ከአማካዩ በጣም ሲርቅ፣ የራቀበትን ቦታ ቀይ ያደርገዋል። ይህ ቀይ ያበሳጨኛል። «አማካይ ሰው» የሚባለውን ነገር በየመጽሐፉ ስጠላው የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አማካይ ሰው ታሞ አያውቅም፤ አማካይ ሰው አልተወለደም። ለዶክተር ኤልሳቤጥ ይህን ንግግር ደጋግሜ አሰምቻታለሁ።

«የከተማው አማካይ ጫማ አርባ ቁጥር ነው ብለሽ ለባሕር ዳር ሁሉ አርባ ቁጥር ብታድይ ስንቱ ይራመዳል?»

«እሺ ጋሽ ጌታቸው፤ ጫማ አላድልም» ትለኛለች።

ጫማ። ይህን ቃል በአፌ እየደጋገምሁ ነው ያ ሳምንት የመጣው።

ሰይድ የወረታ ልብስ ሰፊ ነው። ገበያው ዳር ባለ በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ መኪና ሱሪና ጀለቢያ ይሰፋል። ባጃጅ ተገልብጣበት ቀኝ ጭኑ መካከሉ ላይ ደቀቀ። የአጥንት ስባሪው እንደተሰበረ ብርጭቆ ነበርና እርስ በርስ ገጥሞ የሚመራን አልነበረም። አጥንትን ዙሪያውን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ደግሞ ዕቃ ይመጣለታል ተብሎ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ስለዚህ ልማዳችንን ያዝን። ግራ ጭኑን አነሣሁ፤ ከፊት፣ ከጎን። የሚያምር ፊልም ነበር።

አጥንቱን ሳዘጋጅ የላይኛው ጫፍ ቀይ ሆነ። የከዘራው እጀታ ከሚገባው በላይ ወደ ፊት ዞሯል ማለቱ ነው።

ዶክተር ኤልሳቤጥ በትከሻዬ ላይ ሆና አየች። «ይህ ቀይ ምንድን ነው?»

«ሰው ይለያያል» አልኋት።

«እንዲህ ይለያያል?»

«ፕሮግራሙ የወረታ ሰው አይቶ ያውቃል? ለካሁት እኮ፤ ሁለቴ ለካሁት።»

እውነቴን ነው፤ ሁለቴ ለክቼዋለሁ። አጥንቱ ልክ ነበር። ቀዩን በአንድ ጠቅታ አጠፋሁት።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሰይድ ወደተኛበት አልጋ ልኬቱን ለማረጋገጥ ሄጄ ነበር። አልጋው ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል አለ። አየሁት። የታማሚ ምሳ ይሆናል ብዬ በእግሬ ገፋ አደረግሁት፤ ከጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ልብሴን የማስቀምጥበት ቦታ ፈልጌ።

ኦፕራሲዮኑ ያለ እንከን አለቀ። ብረቱ እንደ ጓንት ገባ። ዶክተር ኤልሳቤጥ ከመስፋቷ በፊት ቀኝ እግሩን አዙራ ከግራው ጋር አስተያየችው፤ እኩል ይዞራሉ። ፊልሙ ልክ ነው፣ እግሩም ልክ ነው ብለን ሁለት ምስክር አገኘን። ሁለቱም ምስክሮች ያው ግራ እግር መሆናቸው ለሁለታችንም አልታየንም።

ከወራት በኋላ ሰይድ ያለ ክራንች መራመድ ሲጀምር ለምርመራ መጣ። እናቱ ወይዘሮ ዘይነባ አብረውት ነበሩ። ዶክተር ኤልሳቤጥ አስጠራችኝ፤ ድምፅዋ ጥሩ አልነበረም። በረንዳው ላይ ሰይድን «እስቲ ሂድ» አለችው። ሄደ። የሁለቱም እግሮቹ ጣቶች ወደ ውስጥ ያያሉ። ሦስት እርምጃ እንደሄደ ቀኝ እግሩ ግራውን ረገጠውና ግድግዳ ያዘ።

«መኪናዬ ላይ ስቀመጥ እግሬ ከመርገጫው ይንሸራተታል» አለ ሰይድ። «ሶላት ላይ ስቀመጥም ቀኙ አይታዘዘኝም። ብረቱ እስኪለምደኝ ነው ብዬ ዝም አልሁ።»

«ድሮ እንዴት ነበር የምትሄደው?» አልሁት።

የመለሱልኝ እናቱ ናቸው። «ግራውማ ድሮም እንዲሁ ነው፣ ልጄ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ከበቅሎ ወድቆ ነው። ወጌሻው አሰረው፤ ዳነ፤ ጣቱ ግን ወደ ውስጥ ቀረ። ቀኙ ነበር ቀጥ ያለው፤ በቀኙ ነበር ሚዛኑን የሚጠብቀው።» ወደ ልጃቸው እግሮች ተመለከቱ። «አሁን ግን ወንድማማች አደረጋችኋቸው።»

በቁጣ አልተናገሩትም። ቢቆጡ በተሻለኝ።

የልጅ አጥንት ተጣሞ ቢገጥም እያደገ ይቃናል። ተጠማዞ ከገጠመ ግን አይመለስም፤ ፊልሙ ላይም ምንም ጠባሳ አይተውም። ይህን አውቅ ነበር። ጋሽ አስማረ ከዘራ አዙረው አሳይተውኛል። ፕሮግራሙም በቀይ ነግሮኛል። እኔ ግን አማካዩን መጥላቴን እንደ ማሰብ ቈጥሬው ነበር።

ሰይድ አየኝ። «አቶ ጌታቸው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቀኜን ከግራዬ ነው የቀዳችሁት?»

«አዎ።»

«እኔ ሱሪ ስሰፋ ሁለቱንም እግር እለካለሁ። ገበያው ይስቅብኛል፤ ሰይድ ሰውን በየእግሩ ይለካል ይሉኛል። ወላሂ እስካሁን ሁለት እኩል እግር ያለው ሰው አልገጠመኝም።»

እዚያው በረንዳ ላይ ነገርሁት። ቀዩን፣ ጠቅታውን፣ «ሰው ይለያያል» ያልሁትን። ዶክተር ኤልሳቤጥ «እኔም አይቼ አልፌዋለሁ» አለች። እግሩ እንደገና ተከፍቶ መስተካከል አለበት፤ ካልተስተካከለ ሰይድ ሥራውን ይተዋል። እናቱ «ሁለተኛ አይቀደድም፤ ወጌሻ ያሸዋል» አሉ። ሰይድ «አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ። ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ሠላሳ ዓመት ስሠራ የሰው አካሄድ እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም።

በማግሥቱ የተሳሳተውን የላስቲክ አጥንት በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰባታሚት ሄድሁ። ጋሽ አስማረ ፓፓያቸው ሥር አረም ይነቅላሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው። መሃል ላይ አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ጫማውን አየኸው?»

አረም መንቀል ጀመርሁ።

እሳቸው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው አጥንቱን ተቀበሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በጣታቸው ነው ያዩት። ላይኛውን ቀንድ፣ ታችኛውን ጉልበት፣ መሃሉን ዳሰሱ። እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። «ያ ክር ነው እንዲህ የሚሆነው? ውስጡ ባዶ ነው? እንዴት ሳይፈርስ ይቆማል?» አጥንቱን ጆሮአቸው ላይ አድርገው በጣታቸው አንኳኩት። የመጣሁበትን ጉዳይ የረሱት መሰለኝ።

«ጥሩ አጥንት ነው። የማን ነው?»

«የሰይድ።»

«አይደለም። ይህ የማንም አይደለም።» አጥንቱን መለሱልኝ። «ጫማውን ጥለውታል?»

«አላውቅም።»

«ከጣሉት ችግር ነው። ካልጣሉት ግን ቀኝ እግሩ አሁንም አለ። ሄደህ ፈልገው።»

በዚያው ቀን ወረታ ገባሁ። ጫማው ነበር። ጥቁሩ ፌስታል ቤታቸው ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ ከአደጋው ወዲህ የነካው የለም፤ ወይዘሮ ዘይነባ የአደጋ ዕቃ መንካት ደስ አይላቸውም። ጥንዱን በር ላይ አውጥቼ ገለበጥሁ። የግራው ሶል ከፊት፣ ከአውራ ጣቱ በኩል፣ እስከ ጨርቁ ተበልቷል። የቀኙ ተረከዙ ከውጭ በኩል ትንሽ አልቋል፤ እንደ ማንኛውም ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ሰው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች በአንድ ጥንድ ጫማ ሲሄዱ ኖረዋል። ይህን ለማየት ፕሮግራም አያስፈልግም፤ መጎንበስ ነው የሚያስፈልገው።

ሰይድ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ሶሎቹን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው፤ የጨርቅ ዘር እንደሚዳስስ።

«ይህን ብታዩት ታውቁት ነበር?»

«እናውቀው ነበር።»

ሶሎቹን ጎን ለጎን አጋጥሞ ያዛቸው። ከቤት ውስጥ እናቱ ያዳምጣሉ፤ የሚበጠር ሩዝ ድምፅ ቆሟል።

«እሺ» አለ ሰይድ። «ግን እኔም እለካለሁ። መርገጫዬን ነቅዬ አመጣዋለሁ። እግሬ እሱ ላይ ቀጥ ብሎ ካልተኛ አልተስማማሁም።»

ወይዘሮ ዘይነባ ከውስጥ «አንተ ልጅ፣ ብረት ተሸክመህ ሆስፒታል ልትገባ ነው?» አሉ።

«ውስጤ ያለውን ብረት ተሸክሜ ነው እኮ የምውለው» አላቸው።

መርገጫውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣው። ዶክተር ኤልሳቤጥ በሆዱ አስተኛችው፤ ጉልበቱን አጥፋ ዳሌው ወዴት ምን ያህል እንደሚዞር ለካች። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጣ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጋ፣ ጭኑን ይዛ እያዞረች «እዚህ? እዚህ?» ስትለው፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ «ትንሽ ወደ ውጭ። አልፈሽዋል። እዚያ፤ እዚያ ነበር» ይላል። እኔ በእርሳስ መስመር እያሰመርሁ እጽፋለሁ። እንዲህ ያለ ልኬት በየትም መጽሐፍ የለም፤ ነገር ግን በሶሉ፣ በዳሌውና በመርገጫው የተገኙት ሦስቱ ልኮች ተቀራረቡ። እነዚህ በእርግጥ ሦስት ምስክሮች ነበሩ።

አዲሱን አጥንት ሳዘጋጅ ቀይ አልወጣም። ስንቱን ዓመት ስሰድበው የኖርሁት አማካይ አጥንት ከሰይድ የራሱ ግራ እግር ይልቅ ለሰይድ ቀኝ እግር ይቀርብ ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት ብዙ ተቀመጥሁ። ማንም ባያየኝም አፍሬ ነበር። ከማፈሬ በላይ ግን ገርሞኝ ነበር፤ ይህን ልደብቀው አልችልም። የማንም ያልሆነ አጥንት አንዳንዴ ስለ አንድ ሰው ከሰውየው ሌላኛው እግር የበለጠ ያውቃል። አንዳንዴ ደግሞ አያውቅም። የትኛው ቀን የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ከሁለቱም ውጭ ያለ ነገር ነው። ሦስተኛው ከየት ይመጣል እያልሁ በጎርጎራ ወደብ የጀመርሁት ጥያቄ በጫማ ሶል ላይ አገኘኝ።

ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ከመጀመሪያው ረዘመ። ብረቱ ወጣ፤ መግጠም የጀመረው አጥንት ተቈርጦ ዞረ፤ በአዲሱ ልክ ታሰረ። ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ «ጣቴ ወዴት ያያል?» ነበር። ዶክተር ኤልሳቤጥ ብርድ ልብሱን ገለጠችለት። ወደ ጣሪያው ያይ ነበር። ተመልሶ እስኪቆም ግን ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ያንን ጊዜ የወሰድሁበት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የራጅ መጠየቂያ ቅጻችን ላይ «የጫማ ሶል ታይቷል?» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ጠየቅሁ። በሁለት ስብሰባ ተሳቀብኝ፤ በሦስተኛው ተፈቀደልኝ። መጨረሻ ላይ የመጣው አዲሱ ፕሮግራም እኔ ሁለት ቀን የምሠራውን ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይሠራዋል፤ ቀዩን በአንድ ጠቅታ ማጥፋትም አይፈቅድም፤ ምክንያት ጻፍ ይላል። «ሰው ይለያያል» ብዬ ሞከርሁት። አልተቀበለኝም። ለእኔ የቀረኝ ሥራ ቀይ በሌለበት ላይ መፈረም ነበርና ቀድሜ ለመውጣት ጠየቅሁ። በጋቢ ሸኙኝ።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ጨርቅ ይዤ ወረታ ሄድሁ። ሰይድ በረንዳው ላይ ነበር። ተነሥቶ ሊቀበለኝ መጣ፤ ግራው ወደ ውስጥ፣ ቀኙ ቀጥ ብሎ፤ ያልተመሳሰሉ ሁለት እግሮች፤ እንደ ጥንታቸው።

«ሱሪ ነው?»

«ሱሪ።»

«ጫማዎን ያውልቁ።»

ቀኜን ለካ። ጻፈ። ግራዬን ለካ። ሜትሩን እንደገና ዘረጋ። «ግራዎ በግማሽ ጣት ያጥራል» አለኝ።

«አይሆንም።»

«የሰው አጥንት ሲያዩ ኖረው የራስዎን አላዩም?» ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አነሣ፤ ሶሉን ወደ ብርሃን ገልብጦ ያዘልኝ። አየሁት። እውነቱን ነው።

ሩዝ የጫነ አይሱዙ አለፈ፤ ነፋሱ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋውን ጨርቄን አነሣው። ሰይድ ከመደርደሪያው ነጭ ነገር አውርዶ ጨርቁ ላይ አሳረፈበት። ያ የተሳሳተው የላስቲክ አጥንት ነው። ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና ሲመጣ «ስጡኝ» ብሎ ጠይቆን ነበር፤ ውስጡን አሸዋ ሞልቶታል።

አጠገቤ ተራ የሚጠብቅ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«እግሬ ሊሆን የነበረ ነው» አለ ሰይድ፤ በጠመኔ መስመር እያሰመረ። «ከባድ ነው፤ ለጨርቅ ይሆናል።»

ቈርጦ ሲጨርስ የስፌት መኪናው ኋላ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን መርገጫው ላይ አሳረፈ። መርገጫው ወረደ፤ ወጣ፤ መዘውሩ ዞረ፤ እግሩ አልተንሸራተተም። እኔ ሱሪው እስኪደርስ በባዶ እግሬ ቆሜ ጫማዬን እያገላበጥሁ አይ ነበር።